በፕሮግራምና በመረጃ ቋት መካከል ስለሚቆመው አስተርጓሚ፤ የዳታቤዝ አዳፕተር አሠራር

መግቢያ

በአንድ የትምህርት ቤት መዝገብ ላይ «ወልደ ገብርኤል ተክለ ሃይማኖት» የሚል ስም ተጽፎ፥ ከጥቂት ጊዜ በኋላ መዝገቡ ሲገለጥ የስሙ እኩሌታ ጠፍቶ ቢገኝ፥ የሚጠየቀው ጸሓፊው ነው። መዝገቡ በኮምፒዩተር የተያዘ እንደ ሆነ ግን ጥፋተኛውን ማግኘት እንዲህ ቀላል አይደለም። ጸሓፊው ስሙን አስተካክሎ ጽፎ፥ ፕሮግራሙም አስተካክሎ ተቀብሎ፥ የመረጃ ቋቱም (ዳታቤዙም) የራሱን ደንብ ጠብቆ ሠርቶ፥ ስሙ ግን ጎድሎ ሊገኝ ይችላል። በፕሮግራሙና በመረጃ ቋቱ መካከል ሌላ ሦስተኛ ሠራተኛ አለና። ይህ ሠራተኛ በሙያው ቋንቋ አዳፕተር ይባላል።

ይህ ጽሑፍ አዳፕተር ምን እንደ ሆነ፥ ከየትኞቹ ክፍሎች እንደሚገነባና የሚሠራው ሰው ከሁሉ ይልቅ በምን ላይ መጠንቀቅ እንዳለበት ለማስረዳት የተዘጋጀ ነው። ነገሩ በጠቅላላው ብቻ ቢነገር ለመጨበጥ ስለሚያስቸግር ለምሳሌ ያህል ጃንጎ የሚባለውን የፕሮግራም ማዕቀፍ (ፍሬምዎርክ) መርጫለሁ። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. አዳፕተር ለምን አስፈለገ

በ1970 ዓ.ም. የአይ.ቢ.ኤም. ባልደረባ የነበረው ኤድጋር ኮድ መረጃን በሠንጠረዥ፥ ማለት በረድፍና በዓምድ፥ አድርጎ ስለ ማስቀመጥ የጻፈው ጥናት ታተመ። ከዚያም በዚሁ ኩባንያ ውስጥ ዛሬ ኤስኪውኤል የሚባለው የመጠየቂያ ቋንቋ ተፈጠረ። ለዚህም ቋንቋ በ1986 ዓ.ም. በአሜሪካ፥ በ1987 ዓ.ም. ደግሞ በዓለም አቀፍ ደረጃ ወጥ ደንብ ወጣለት።

ደንቡ አንድ ከሆነ አስተርጓሚ ለምን ያስፈልጋል? የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። አማርኛ አንድ ቋንቋ ሲሆን የጎጃሙና የሸዋው፥ የጎንደሩና የወሎው አነጋገር እንደሚለያይ ሁሉ፥ ኤስኪውኤልም በየመረጃ ቋቱ የተለያየ አነጋገር አለው። የሠንጠረዥን ስም ለይቶ ለማመልከት ፖስትግሬስ ድርብ ትምህርተ ጥቅስ ይጠቀማል፤ ማይኤስኪውኤል ግን በልማዱ ወደ ኋላ ያዘነበለች ነጠላ ጭረት ይወዳል። «የመጀመሪያዎቹን 10 ረድፎች ብቻ ስጠኝ» ለማለት ፖስትግሬስና ኤስኪውላይት «ሊሚት» የሚለውን ቃል ይቀበላሉ፤ ኦራክል ግን «ፌች ፈርስት» ተብሎ እንዲጠየቅ ይፈልጋል። ፖስትግሬስ «እውነት» እና «ሐሰት» ለሚባሉት ሐሳቦች የተለየ ዐይነት ሲኖረው፥ ኤስኪውላይት 1 እና 0 ብሎ ያስቀምጣቸዋል።

ፕሮግራም የሚጽፈው ሰው ይህን ሁሉ እያስታወሰ መጻፍ ቢኖርበት ከዋናው ሥራው ይስተጓጎላል። ማዕቀፎች የተፈጠሩት ይህን የመሰለውን ሸክም ለማቅለል ነው። ጃንጎ የተጀመረው በ2003 ዓ.ም. በአሜሪካ በካንሳስ ክፍለ ሀገር፥ በሎረንስ ከተማ፥ በአንድ የጋዜጣ ድርጅት ውስጥ ሲሆን፥ በሐምሌ 2005 ዓ.ም. ለሕዝብ ቀረበ። የተጻፈው ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ነው። በጃንጎ የሚሠራ ሰው «በዚህ ዓመት የተመዘገቡትን ተማሪዎች አምጣ» የሚለውን ሐሳብ በፓይተን ይጽፋል፤ ማዕቀፉም ሐሳቡን ተቀብሎ በአዳፕተሩ አማካይነት ለመረጃ ቋቱ በሚገባው አነጋገር ያቀርባል። ጃንጎ ራሱ ይዟቸው የሚመጣው አዳፕተሮች ለፖስትግሬስ፥ ለማሪያዲቢ፥ ለማይኤስኪውኤል፥ ለኦራክልና ለኤስኪውላይት የሚያገለግሉ ናቸው፤ ማሪያዲቢና ማይኤስኪውኤል በአንድ አዳፕተር ይጠቀማሉ። ከእነዚህ ሌላ የሆነ የመረጃ ቋት ያለው ሰው አዳፕተሩን ራሱ መሥራት ወይም ሌሎች የሠሩትን መፈለግ አለበት።

እኔ በተማርኩበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት የውጭ አገር ሰባኪ ሲመጣ አስተርጓሚ አጠገቡ ይቆም ነበር። ሁለት ዐይነት አስተርጓሚዎች አይቻለሁ። አንደኛው ያልገባው ቃል ሲመጣ «ለዚህ ቃል አማርኛ አላገኘሁለትም፤ ይድገሙልኝ» ይል ነበር። ሁለተኛው ግን ያልገባውን ዘልሎ፥ ንግግሩ እንዳይቋረጥ የራሱን ቃል ይሞላበት ነበር። ሕዝቡ ሁለተኛውን አብልጦ ያደንቅ ነበር፤ ንግግሩ እንደ ውኃ ይፈስሳልና። ሰባኪው ያላለውን ሰምቶ መሄዱን ግን የሚያውቅ አልነበረም። የአዳፕተርም ነገር እንዲሁ ነው። ብዙ ሰው አዳፕተር የሚሠራው ልዩነትን ለመደበቅ ይመስለዋል። እኔ ግን ከዚህ በታች እንደማስረዳው፥ የአዳፕተር ትልቁ ሥራ የሚተረጎመውን በትክክል መተርጎምና የማይተረጎመውን ደግሞ አይተረጎምም ብሎ በግልጽ ማስታወቅ ነው እላለሁ።

2. ከአዳፕተሩ በታች ስላለው ድራይቨር

አዳፕተሩ ከመረጃ ቋቱ ጋር በቀጥታ አይነጋገርም። በመካከላቸው ድራይቨር የሚባል ሌላ አነስተኛ ፕሮግራም አለ፤ ሥራውም መልእክቱን ማድረስና መልሱን ማምጣት ነው። በፓይተን ዓለም አብዛኞቹ ድራይቨሮች የሚከተሉት፥ ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ፥ በቁጥር 249 የሚታወቅ የስምምነት ሰነድ አለ። ሰነዱ ግንኙነት እንዴት እንደሚከፈት፥ ጥያቄ እንዴት እንደሚላክ፥ ስሕተትም በምን በምን ስም እንደሚጠራ ይወስናል።

ስለ ጥያቄ አላላክ አንድ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። ከተጠቃሚው የሚመጣው ዋጋ፥ ለምሳሌ የተማሪው ስም፥ በጥያቄው ዐረፍተ ነገር ውስጥ ተቀላቅሎ መጻፍ የለበትም። በስሙ ቦታ ምልክት ብቻ ይቀመጥና ስሙ ለብቻው ይላካል። እንዲህ ካልሆነ ክፉ ሰው በስም ፋንታ ትእዛዝ ጽፎ መዝገቡን ሊያጠፋ ይችላል። የተጠቀሰው ሰነድ ለዚህ ምልክት 5 ዐይነት አጻጻፍ ይፈቅዳል፤ ከእነርሱም አንዱ የጥያቄ ምልክት፥ ሌላው የመቶኛ ምልክት ከአንድ ፊደል ጋር ነው። ጃንጎ በውስጡ በመቶኛው ምልክት ይጠቀማል፤ የኤስኪውላይት ድራይቨር ግን ይህን ምልክት ስለማይቀበል፥ አዳፕተሩ በየጥያቄው ላይ የመቶኛውን ምልክት ወደ ጥያቄ ምልክት ይለውጣል። ይህ ትንሽ ሥራ ይመስላል፤ አዳፕተር የሚጽፍ ሰው ግን መጀመሪያ የሚገናኘው ከእንዲህ ያለው ነገር ጋር ነው።

3. የአዳፕተሩ ክፍሎች

በጃንጎ ውስጥ አንድ አዳፕተር በ7 ዋና ዋና ክፍሎች ይደራጃል፤ እነርሱም የሚከተሉት ናቸው።

1ኛ/ የግንኙነት ክፍል። ይህ ዋናው ሲሆን ግንኙነት ይከፍታል፥ ይዘጋል፥ ግንኙነቱ በሕይወት መኖሩንም ይመረምራል። የጃንጎ የዓምድ ዐይነቶች በመረጃ ቋቱ ምን ተብለው እንደሚጠሩ የሚያሳየው ዝርዝርም እዚህ ይገኛል።

2ኛ/ የችሎታ ክፍል። የመረጃ ቋቱ ምን እንደሚችልና ምን እንደማይችል የሚገለጽበት ነው። አብዛኛው «አዎን» ወይም «አይደለም» የሚል መልስ ነው።

3ኛ/ የአነጋገር ክፍል። ስምን በትምህርተ ጥቅስ መክበብ፥ ከቀን ውስጥ ዓመቱን ወይም ወሩን ብቻ ማውጣት፥ ይህንም የመሰለው ሁሉ በመረጃ ቋቱ አነጋገር የሚጻፍበት ነው።

4ኛ/ የሠንጠረዥ ሠሪ ክፍል። ሠንጠረዥ ይፈጥራል፥ ዓምድ ይጨምራል፥ ይቀንሳል። ኤስኪውላይት የተሠራን ሠንጠረዥ ለመለወጥ ያለው ችሎታ ጠባብ ስለ ሆነ፥ አዳፕተሩ በብዙ ጊዜ አዲስ ሠንጠረዥ ሠርቶ፥ መረጃውን ገልብጦ፥ አሮጌውን አጥፍቶ፥ አዲሱን በአሮጌው ስም ይጠራዋል።

5ኛ/ የመርማሪ ክፍል። አስቀድሞ የነበረን የመረጃ ቋት እያነበበ ምን ሠንጠረዦችና ዓምዶች እንዳሉት ይናገራል።

6ኛ/ የሙከራ ቋት አዘጋጅ ክፍል። ለፈተና ጊዜ የሚያገለግል ባዶ የመረጃ ቋት ያዘጋጃል፤ ፈተናው ሲያልቅ ያጠፋዋል።

7ኛ/ የትእዛዝ መስመር ክፍል። ባለሙያው የመረጃ ቋቱን የራሱን መጻፊያ መስኮት በቀጥታ እንዲከፍት ይረዳዋል።

ከእነዚህ ሁሉ በመጻፍ ረገድ ቀላሉ ሁለተኛው ነው፤ «አዎን» ወይም «አይደለም» ማለት ብቻ ነውና። በኃላፊነት ረገድ ግን ከሁሉ ይከብዳል። ማዕቀፉ መንገዱን የሚመርጠው በዚህ ክፍል መልስ ተመርቶ ነው። ለምሳሌ አንድ የመረጃ ቋት ብዙ ረድፎችን በአንድ ጊዜ ጨምሮ የተሰጣቸውን መለያ ቁጥር ወዲያው መመለስ ይችል እንደ ሆነ ጃንጎ ከዚህ ይጠይቃል። መልሱ ሐሰት የሆነ እንደ ሆነ በሐሰት ላይ የተሠራው ቤት ሁሉ ያዘነብላል።

4. ድምፅ ስለሌላቸው ልዩነቶች

በአነጋገር የሚመጣ ልዩነት ጩኸት አለው፤ ማለት የመረጃ ቋቱ ያልገባውን ቃል ሲሰማ ስሕተት ነው ብሎ ይመልሳል። አደገኛዎቹ ጥያቄው ተቀባይነት አግኝቶ መረጃው ግን የሚለወጥባቸው ናቸው።

ስለ ስም ርዝመት። አንድ ዓምድ 30 ምልክት ይያዝ ተብሎ ቢወሰን፥ ፖስትግሬስ ከ30 የበለጠውን አልቀበልም ብሎ ይመልሳል። ኤስኪውላይት ግን ቁጥሩን ቸል ብሎ ሙሉውን ያስቀምጣል። ማይኤስኪውኤል ደግሞ ጥብቅ በሚባለው ሥርዓት ካልተሠራ ትርፉን ቆርጦ ማስጠንቀቂያ ብቻ ይሰጣል፤ ጥብቁ ሥርዓት ያለ ማንም ትእዛዝ የሚጸናው ከ2015 ዓ.ም. ከወጣው ከ5.7 ቅጽ ወዲህ ነው። እንግዲህ አንድ ፕሮግራም በሦስት ቋቶች ላይ ሦስት ዐይነት ውጤት ይሰጣል።

የኛን ፊደል በተመለከተ ሌላ ነገር ይጨመራል። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ የገባው በ1999 ዓ.ም. ሲሆን፥ ዩቲኤፍ 8 በሚባለው አጻጻፍ እያንዳንዱ ፊደል 3 ባይት ይይዛል፤ የእንግሊዝኛው ፊደል ግን 1 ባይት ብቻ ነው። በመግቢያው የጠቀስሁት ስም 16 ፊደሎችና 3 ክፍት ቦታዎች፥ በድምሩ 19 ምልክቶች አሉት። በባይት ሲቆጠር ግን 48 እና 3፥ ማለት 51 ይሆናል። ኦራክል በተለመደው የጽሑፍ ዓምዱ ላይ፥ ሌላ ካልታዘዘ በቀር፥ የሚቆጥረው በባይት ነው። ስለዚህ 30 ተብሎ የተወሰነው ዓምድ ይህን ስም አይቀበልም፤ ፈረንጁ ግን በ30 ፊደል የተጻፈ ስሙን ያስመዘግባል። የጃንጎ የኦራክል አዳፕተር ግን በምልክት እንጂ በባይት የማይለካውን ሌላውን የዓምድ ዐይነት መርጧል። በእንግሊዝኛ ስም ብቻ እየፈተነ አዳፕተር የሚሠራ ሰው ይህን ልዩነት ዕድሜውን ሙሉ ላያየው ይችላል።

ስለ ባዶ ቃል። «ምንም አልተጻፈም» እና «ባዶ ተብሎ ተጽፏል» የሚሉት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው በሙያው ነል ይባላል። ኦራክል ግን ባዶ ቃልን ከነል አይለይም። የጃንጎ አዳፕተር ይህን በችሎታው ክፍል ያስታውቅና፥ ከኦራክል ነል ሆኖ የመጣውን የጽሑፍ ዓምድ ወደ ባዶ ቃል ይለውጠዋል፤ ይህንም በመመሪያ መጽሐፉ በግልጽ አስፍሮታል።

ስለ ገንዘብ። ኤስኪውላይት ለአስርዮሽ ቁጥር የራሱ ትክክለኛ ዐይነት የለውም፤ በ8 ባይት ተንሳፋፊ ቁጥር ለውጦ ይይዘዋል። ስለዚህ የሳንቲም ሒሳብ በመረጃ ቋቱ ውስጥ ሲደመር ጥቂት ሊዛነፍ ይችላል። አዳፕተሩ ይህን ማዳን አይችልም፤ ማስታወቅ ግን ይችላል።

በዚህ አጋጣሚ የአዳፕተሩን ወሰን ላመልክት። የኛ ዓመት 13 ወር ስላለው ጳጉሜን 5 የሚለውን ቀን የመረጃ ቋቱ የቀን ዓምድ አይቀበለውም፤ 13ኛ ወር አያውቅምና። አንዳንድ ጓደኞች ይህን ለውጥ አዳፕተሩ ይሥራው ይላሉ። እኔ ግን ይህ የአዳፕተሩ ሥራ አይመስለኝም። የዘመን አቆጣጠር ለሰው የሚታይ ነገር ስለ ሆነ ለውጡ መሠራት ያለበት ሰው በሚያየው በፕሮግራሙ በኩል ነው። አዳፕተር የተሰጠውን ቀን ሳይለውጥ ማድረስ እንጂ ሌላ ቀን መፍጠር የለበትም።

5. ስለ ትራንዛክሽን

ተማሪ የትምህርት ክፍያ ሲከፍል ሁለት ነገር ይጻፋል፤ አንዱ በገንዘብ መዝገብ፥ ሌላው በተማሪው ስም። አንዱ ተጽፎ ሌላው ሳይጻፍ መብራት ቢጠፋ መዝገቡ ይጣላል። ሁለቱ አብረው እንዲጸኑ ወይም አብረው እንዲሰረዙ የሚያደርገው ሥርዓት ትራንዛክሽን ይባላል።

ጃንጎ በዚህ ነገር በመሠረቱ የአዳፕተሩን ቃል ብቻ አያምንም። ነገሩን ለማወቅ ሲፈልግ ትንሽ ሠንጠረዥ ይፈጥራል፤ 8 የሚለውን ቁጥር ይጽፍበታል፤ ከዚያም የጻፈውን እንዲሰረዝ ያዝዛል፤ በመጨረሻም ስንት ቁጥር እንደ ቀረ ይቆጥራል። የቀረ ከሌለ የመረጃ ቋቱ ትራንዛክሽን ያውቃል ማለት ነው፤ 8 ቁጥር ተገኝታ ከሆነ ግን አያውቅም። ይህ ፈተና ከንቱ አይደለም። ማይኤስኪውኤል በቀድሞ ጊዜ ይሠራበት የነበረው ማይአይሳም የተባለው የማስቀመጫ ዘዴ የመሰረዝን ትእዛዝ ሳይቃወም ተቀብሎ መረጃውን እንዳለ ይተወው ነበር።

ደግሞም ፖስትግሬስ ሠንጠረዥን የሚለውጥ ትእዛዝ እንኳ ቢሆን መልሶ ሊሰርዝ ይችላል። ማይኤስኪውኤልና ኦራክል ግን እንዲህ ያለውን ትእዛዝ ሲቀበሉ ከዚያ በፊት የተጀመረውን ሁሉ ያጸኑታል። ስለዚህ በእነዚህ ቋቶች ላይ የሠንጠረዥ ለውጥ በመካከል ቢከሽፍ ባለሙያው በእጁ ማስተካከል ይኖርበታል። አዳፕተሩ «እኔ ይህን መመለስ አልችልም» ብሎ ካላሳወቀ፥ ባለሙያው እመለሳለሁ ብሎ መመለሻ የሌለበት መንገድ ይገባል።

6. ስለ ፈተናና ስለ ደረሰብን ነገር

ጃንጎ እጅግ ብዙ የሆኑ ፈተናዎች አሉት፤ አዲስ አዳፕተር የሠራ ሰው እነዚህን ሁሉ በራሱ የመረጃ ቋት ላይ ማስኬድ ይችላል። የመረጃ ቋቱ በተፈጥሮው የማይችለው ፈተና ካለ፥ በችሎታው ክፍል ውስጥ ከነምክንያቱ ተጽፎ ይታለፋል። ይህ ፈቃድ አስፈላጊ ነው፤ ግን አደገኛም ነው።

እኔና ሁለት ጓደኞቼ ለልምምድ ያህል የኤስኪውላይትን አዳፕተር ወርሰን የራሳችንን ሠርተን ነበር። ስለ ኦራክል ያነበብነው ደስ ስላሰኘን፥ ከመረጃ ቋቱ ነል ሆኖ የመጣውን የጽሑፍ ዓምድ ሁሉ እኛም ወደ ባዶ ቃል ለወጥነው። ወዲያው አንድ ፈተና ወደቀ። እኛም ጊዜ አጥሮን ስለ ነበረ «የመረጃ ቋቱ ይህን አይለይም» የሚል ምክንያት ጽፈን አሳለፍነው። ምክንያቱ ሐሰት ነበር፤ ኤስኪውላይት ነልንና ባዶ ቃልን አሳምሮ ይለያል። ያልለየነው እኛ ነን።

ለሙከራ በያዝነው መዝገብ ውስጥ የስልክ ቁጥር ዓምድ ነበር። ያልተጠየቀውን ሰው ነል፥ ተጠይቆ ስልክ የለኝም ያለውን ባዶ ቃል አድርገን ነበር የያዝነው። እንዲህ ሁለት ዐይነት ባዶ መያዝን ጃንጎም አይመክረውም፤ ግን አይከለክለውም። አንድ ቀን የትምህርት ክፍሉን ስም ለማስተካከል ረድፎቹን ሁሉ አንብበን መልሰን ጻፍናቸው። በዚያች አንዲት ትእዛዝ ያልተጠየቁት ሁሉ ስልክ የሌላቸው ሆኑ። የስሕተት ቃል አልመጣም፤ ማስጠንቀቂያም አልታየም። ማን እንደገና መጠየቅ እንዳለበት ለማወቅ ወደ ወረቀቱ ተመልሰን 43 ሰዎችን አንድ በአንድ ማመሳከር ግድ ሆነብን። ወረቀቱ ባይኖር ኖሮ ምን እናደርግ እንደ ነበር አላውቅም። መዝገቡ የሐኪም ቤት፥ ዓምዱም የማይስማማው መድኃኒት ስም የሚጻፍበት ቢሆን ኖሮ ደግሞ፥ ገና ያልተጠየቀው በሽተኛ የማይስማማው መድኃኒት የሌለ መስሎ ይታይ ነበር።

መደምደሚያ

አዳፕተር ለመሥራት የሚያስብ ተማሪ ከባዶ ባይጀምር ይሻላል። ለመረጃ ቋቱ የሚቀርበውን አዳፕተር ወርሶ የሚለየውን ብቻ ይለውጥ። አስቀድሞ ግንኙነቱን ከፍቶ አንዲት ቀላል ጥያቄ ያስመልስ፤ ቀጥሎ የዓምድ ዐይነቶችን ያዛምድ፤ ከዚያም ሠንጠረዥ መሥራትን፥ በመጨረሻም ትራንዛክሽንን ያስከትል። በየደረጃው ፈተናዎቹን ያስኪድ፤ ከእነርሱም ጋር በራሳችን ፊደል የተጻፉ ረጃጅም ስሞችን፥ ባዶ ዓምዶችንና የሳንቲም ሒሳብን ጨምሮ ይፈትን።

የወደቀ ፈተና ሲያጋጥመው ደግሞ አንድ ጥያቄ ራሱን ይጠይቅ፤ «ይህን የማይችለው የመረጃ ቋቱ ነው ወይስ እኔ ነኝ?» የመረጃ ቋቱ ከሆነ ምክንያቱን በእውነት ጽፎ ይለፈው፤ እርሱ ራሱ ከሆነ ግን ተመልሶ ያርመው። ንግግሩ ያለ መቋረጥ ስለ ፈሰሰ ብቻ ትርጉሙ ደኅና ነው ማለት አይደለም። እኛ ይህን የተማርነው 43 ስም በወረቀት ላይ እየፈለግን ነው፤ ሌላው ግን ይህን አንብቦ ያለ ድካም ቢማረው ደስ ይለናል።